የቤት ንግድ በማኅበራዊ መገናኛ የሚሰፋው በምንድን ነው?

በአባቶቻችን ዘመን ቴሌግራም ማለት በሽቦ የሚተላለፍ አጭር መልእክት ነበር። ላኪው ሒሳቡን የሚከፍለው በቃላቱ ቍጥር ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱን ቃል መዝኖ፣ ትርፉን ሰርዞ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርቶ ይልክ ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወዲህ በዚያው ስም የሚጠራው የእጅ ስልክ መገናኛ ግን ከኢንተርኔቱ ሒሳብ በቀር ዋጋ አይጠይቅም፤ ቃሉም፣ ሥዕሉም፣ ድምፁም እንደ ልብ ይላካል፤ አንድ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ለብዙ ሺህ ሰው ይናገርበታል። ያለ ዋጋ የሚነገር ነገር ደግሞ ሳይመዘን መነገሩ አይቀርም። እንግዲህ ቃል እንዲህ በረከሰበት ገበያ፣ ከዕቃ ሁሉ ውድ የሆነው ቤት እንዴት ሊሸጥበት ይችላል? በዚህ መገናኛ የቤት ንግዱን ለማስፋት የሚሻ ሰውስ ምን ማድረግ ይገባዋል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህን ነው።

ሰው በዕድሜው ደጋግሞ የሚገዛው ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛውም ነገር አለ። ጤፍ ሲገዛ የተታለለ ሰው ጕዳቱ የአንድ ወር ነው፤ በሚመጣው ወር ነጋዴውን ይለውጣል። ቤት ሲገዛ የተታለለ ሰው ግን የሚለውጠው ነጋዴም፣ የሚመልሰው ዕድሜም የለውም። የሃያ ዓመት ደመወዝ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ በሰው አገር በድካም የተቋጠረ ገንዘብ፣ ከወላጅ የቀረ ጥሪት፣ ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ፊርማ ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው የሚያማምር ሥዕል ሳይሆን የሚታመን ሰው ነው። ይህን የተረዳ ቤት ሻጭ የንግዱን መሠረት ተረድቷል ማለት ነው።

የድለላ ሥራ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቀድሞው የሰፈር ደላላ በመንገድ ማዕዘን ወይም በሻይ ቤት በር ተቀምጦ ይውል ነበር፤ ማን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ ማን ሊከራይ እንደሚሻ፣ የትኛው ጣራ እንደሚያፈስ ያውቃል። እርሱም በስሙና በአባቱ ስም ይታወቃል፤ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በአንድ ዕድር ለቅሶ ይደርሳል። ቢያታልል ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ከዚያም በኋላ ቤት አሳየኝ የሚለው አያገኝም። እንግዲህ የእርሱ ዋስትና ማኅበሩ ነበር። ጕድለቱ ግን ዕውቀቱ ከሰፈሩ አለማለፉ ነው።

ከተማው ደግሞ በሰፈር ዕውቀት ከሚዳረስበት ስፋት አለፈ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ከወጣ በኋላ የቤት ገበያ ለብዙ ዓመታት እጅግ ጠቦ ነበር። ዘግየት ብሎ የኮንዶሚኒየም ቤቶችና የሪል እስቴት ኩባንያዎች ሕንጻዎች ተነሡ፤ ሰሚት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ቀድሞ እርሻ በነበረበት ላይ የብዙ ሺህ ሰዎች መኖሪያ ሆኑ። ጀሞ የሚኖር ሰው ሰሚት ላይ ስለሚሸጥ ቤት በወሬ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም። ጎረቤቱም ዕጣ ያገናኘው እንግዳ እንጂ ያብሮ አደጉ አልነበረም። ይህን ክፍተት የሞሉት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና እነዚህን የመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ናቸው።

አሠራሩን ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እንግለጽ። ደላላው ወይም ኩባንያው በቴሌግራም ላይ ቻናል የሚባለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይከፍታል፤ ይህ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። በሰሌዳው ላይ የቤቱን ፎቶግራፍ፣ ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ የመኝታውን ክፍል ቍጥር፣ ሰፈሩንና የስልክ ቍጥሩን ያወጣል። የፈለገው ሰው ሁሉ ተመዝጋቢ ይሆናል፤ ለወዳጁም ያስተላልፈዋል። በቲክቶክ ላይ ደግሞ ሻጩ ራሱ በቤቱ ውስጥ እየተዘዋወረ ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱንና ሰገነቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳያል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው ሰው በምሳ ሰዓቱ ዐሥር ቤት አይቶ ዘጠኙን ይተዋል፤ ድሮ ግን ዐሥሩን ለማየት ዐሥር ቀን ታክሲ ይሳፈር ነበር።

ነገር ግን መድረሱ ቀላል በሆነ መጠን መዋሸቱም ቀላል ሆነ። ይህን ስጽፍ ከሰው ሰምቼ ሳይሆን ከቤቴ ያየሁትን ነው።

ባለቤቷ ያረፈባት ታናሽ እኅቴ ከሁለት ልጆችዋ ጋር በኪራይ ቤት ትኖር ነበር። አከራይዋ ቤቱን ለልጄ ድል ያለ ሠርግ እፈልገዋለሁ ብለው ልቀቂ ባሏት ጊዜ፣ የባሏን መኪና ሸጣ፣ የዕቁቧን ገንዘብ ጨምራ፣ ከእኛም ከዘመዶቿ ጥቂት ተበድራ ቤት ለመግዛት ቈረጠች። አንድ ቀን ማታ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይህን ተመልከትልኝ፤ ሰሚት ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ የተሻለ ነው» አለችኝ። ግድግዳው የነጣ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ወለሉ የሚያበራ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነበር። የሰሌዳው ተመዝጋቢ ብዙ ዐሥር ሺህ ነው፤ ከሥሩም ምስጋና የሚጽፉ ሰዎች ሞልተዋል። ደላላው በስልክ፣ «እትዬ፣ ሦስት ሰዎች ይህንኑ ቤት እየጠበቁ ነው፤ ዛሬ 100 ሺህ ብር ቀብድ ካላስገቡ ነገ አያገኙትም» ብሏታል። እኅቴም ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበራትም።

እኔም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና አስቀድመን ቤቱን እንየው አልኋት። ደላላው ሰበብ ቢያበዛም የሕንጻውንና የቤቱን ቍጥር ከአፉ አውጥተን በማግሥቱ ሄድን። ደጁን የከፈቱልን ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ቤት ለመሸጥ አስቤ አላውቅም፤ በዚህ ሳምንት የመጣችሁት እናንተ አራተኛ ናችሁ» አሉን። የቤታቸው ግድግዳም በስልክ ካየነው ጋር ምንም አይመሳሰልም። እኅቴ በደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀብዱን ባለመክፈሏ ደስ ሊላት ሲገባ ያስለቀሳት፣ በአንድ ሌሊት ልጆችዋን በሕልሟ በዚያ ቤት ውስጥ አስገብታቸው ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ወር ያህል ቆይቶ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ወጣት ጠቈመን። የዚህ ወጣት ሰሌዳ ተመዝጋቢው ጥቂት ነበር፤ ቤቶቹም ሁሉ በአንድ አካባቢ ናቸው። ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ግን ተገረምሁ። ስለ አንዱ ቤት የጻፈው ይህን የመሰለ ነበር፦ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ማጠራቀሚያ በርሜል ግን አለው። የመታጠቢያው ቤት ግድግዳ እርጥበት ይዞታል። የባንክ ዕዳ ያልተከፈለ ቀሪ አለበት፤ ከሽያጩ ገንዘብ ተከፍሎ ስሙ ይዛወራል። ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ይህ የተጻፈው በዚህ ቀን ነው። ያልታየ ቤት ቀብድ አልቀበልም።

እኅቴ ቤቱን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በቀን አንዱን በማታ ሄዳ አየችው። ጕድለቱ ሁሉ እንደ ተጻፈው ሆኖ ስላገኘችው፣ ያልተጻፈ ጕድለት አይኖርም ብላ አመነች። ገዛችው፤ ዛሬም ትኖርበታለች። ከዚያ ወዲህ የማኅበሯ ሰዎች፣ የልጆችዋ የትምህርት ቤት ወላጆችና ሁለት ዘመዶቻችን ወደዚያ ወጣት ሄደዋል። ማንም ለእኅቴ ገንዘብ ከፍሎ አስተዋውቂልኝ አላላትም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ማኅበራዊ መገናኛ የሰውን ድምፅ ያሰፋል እንጂ የሰውን እምነት አይፈጥርም። ውሸተኛን በብዙ ሺህ ሰው ፊት ውሸተኛ፣ እውነተኛንም በብዙ ሺህ ሰው ፊት እውነተኛ ያደርገዋል። ብዙዎች ተመዝጋቢ የበዛለት ሰው ንግዱ የሰፋ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶችም በገንዘብ ስም ብቻ የሆኑ ተመዝጋቢዎችን ይገዛሉ። ነገር ግን ቤት የሚገዛው ቍጥሩ ሳይሆን ከቍጥሩ መካከል አምኖ ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው። ዕድርና ዕቁብ ያቆመው ሕዝብ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ማኅበር የሚጸናው አባሉ በመብዛቱ ሳይሆን አባሉ በመተማመኑ መሆኑን ጥንቱኑ ያውቃልና።

ስለዚህ በዚህ መገናኛ ንግዱን በእውነት ለማስፋት የሚሻ ሰው የሚከተሉትን ልብ ቢል መልካም ነው።

አንደኛ፣ አንድ አካባቢ መርጦ ያንን ጠንቅቆ ይወቅ። ስለ አዲስ አበባ ሁሉ የሚጽፍ ሰው ከሌላው የተቀዳ ፎቶግራፍ ከማስተላለፍ አያልፍም። የአንድ ሰፈርን የውኃ ፈረቃ፣ የመንገዱን ጭቃ፣ የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ርቀት የሚጽፍ ሰው ግን ከሌላ የማይገኝ ዕውቀት ስላለው ሰው ይፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን በይፋ ከነቀኑ ይጻፍ። ዋጋ በውስጥ መስመር የሚለው ልማድ ገዢውን ያጠራጥረዋል፤ ለሁሉም የተለያየ ዋጋ ይነገራል ማለት ነውና። ቀን መጻፉም የግድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የግንባታ ዕቃ ዋጋ በመለዋወጡ ያለፈው ዓመት ዋጋ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም። ቤቱ ሲሸጥም ተሽጧል ብሎ ወዲያው ይጻፍ። የተሸጠን ቤት ለማጥመጃ አቆይቶ የመጣውን ሰው ወደ ሌላ ቤት መምራት ድለላ ሳይሆን ማታለል ነው።

ሦስተኛ፣ ጕድለቱን ከገዢው በፊት እርሱ ይናገር። የእጅ ስልክ ፎቶ አንሺ ጠባቡን ክፍል ሰፊ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ሰው ግን ሄዶ በእግሩ ሲለካው እውነቱ ይገለጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስፋቱም ሲጻፍ የቤቱ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ የደረጃውና የጋራው ቦታ ድርሻ ተጨምሮበት ነው የሚለው ይገለጥ፤ በአዲሶቹ አፓርታማዎች ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አራተኛ፣ ከመሸጥ አስቀድሞ ያስተምር። ስም እንዴት እንደሚዛወር፣ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ እንዴት እንደሚጣራ፣ የኮንዶሚኒየም ቤት የአምስት ዓመት የመሸጫ ገደቡ ማለፉ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ሰሌዳ፣ ዛሬ ቤት የማይገዛው ሰው እንኳ ይከታተለዋል። ያ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገዛበት ቀን ሲመጣ ወደ አስተማረው ሰው ይሄዳል።

አምስተኛ፣ በይፋ ለተጠየቀው በይፋ ይመልስ፤ ወቀሳ ሲጻፍበትም አያጥፋው። ስሕተት ከሆነ ያርም፤ ሐሰት ከሆነ ማስረጃውን ያቅርብ። ወቀሳ የሌለበት ሰሌዳ ወቀሳው የተሰረዘበት ሰሌዳ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ስድስተኛ፣ የሰውን ምሥጢር ይጠብቅ። ተከራይ የሚኖርበትን ቤት ከነአልጋውና ከነልጆቹ ፎቶግራፍ፣ ካርታውንም ከነባለቤቱ ስም አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ ጕዳዩን ከነውርነት አልፎ የሕግ ነገር አድርጎታል።

በውጭ አገር ስላሉት ወገኖቻችንም ለብቻው መናገር ይገባል። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ፣ በጅዳ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ወገን፣ ማታ ከድካሙ በኋላ ስልኩን ከፍቶ የአዲስ አበባን ቤቶች ያያል። ለእርሱ ይህ መገናኛ ከገበያም በላይ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ መስሎ ይታየዋል። ሄዶ በር አያንኳኳምና ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚታለለው እርሱ ነው። ሐቀኛ ነጋዴ እዚህ ላይ ሥራው ድርብ ነው። ቤቱን በቀጥታ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ጣራው ያሳየው፤ ከዘመዱ አንድ ሰው መጥቶ እንዲያይለት ራሱ ይጠይቀው፤ ውክልናው በኤምባሲ በኩል በሚገባ እንዲሰጥ፣ ገንዘቡም በባንክ በሻጩ ስም እንዲገባ እንጂ በደላላው የግል ሒሳብ እንዳይገባ ይምከረው። አንድን እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ያገለገለ ነጋዴ በባሕር ማዶ ያለውን የጓደኞቹን ማኅበር ሁሉ ያገኛል፤ ያታለለውም እንዲሁ ሁሉን ያጣል።

ሕጉም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በስልክ የተላከ እሺታ ቤት አያስተላልፍም። ስለ ቀብድም ይኸው ሕግ በቍጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢተው ግን ዕጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ደንግጓል። ስለዚህ ቀብድ መስጠትም መቀበልም የችኮላ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት ራሱን የቻለ አዋጅ አጽድቋል።

ገና ያልተሠራ ቤት የሚሸጡ ኩባንያዎችም ይህን ቢያስቡ ይበጃቸዋል። በኮምፒውተር የተሣለ ሕንጻ ዙሪያው ዛፍና ፏፏቴ ሆኖ ሲታይ ዐይንን ይማርካል፤ ቦታው ግን ገና ጕድጓድ ሊሆን ይችላል። ሥዕል መሆኑን በግልጽ ጽፎ፣ ከጎኑ የዛሬውን የግንባታ ፎቶግራፍ በየወሩ ከነቀኑ የሚያወጣ ኩባንያ፣ ሥራው ቢዘገይ እንኳ ምክንያቱን ለገዢዎቹ ማስረዳት ይችላል። ሥዕሉን ብቻ እያሳየ የሚቈይ ግን፣ ያን ጊዜ ያሰባሰበው ተመዝጋቢ ሁሉ አንድ ቀን በዚያው ሰሌዳ ላይ ከሳሽ ሆኖ ይሰለፍበታል።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እኔ ጕድለቱን ስናገር ሌላው ደብቆ ይሸጥብኛል» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። ያን ወጣት ይህንኑ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ዓመት በጣም ከብዶኝ ነበር፤ የቤት ኪራይ እንኳ የምከፍለው ያጣሁበት ወር አለ። ባለቤቶቹም ቤታችንን አዋረድህብን ብለው ይቈጡኝ ነበር። አሁን ግን እኔ የማልደውልለት ሰው ነው የሚደውልልኝ» ብሎኛል። እውነት በመጀመሪያ ታስከፍላለች፤ ይህን መካድ አይገባም። ውሸት ግን በየቀኑ አዲስ ሰው መፈለግን ያስገድዳል፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሁለተኛ አይመለስም፤ ወዳጁንም ያስጠነቅቃል። ከሻጭም ከገዢም በመቶ ሁለት ተቀብሎ ለመኖር የሚሻ ደላላ፣ የዘለቀ እንጀራ የሚያገኘው ከየትኛው እንደ ሆነ ራሱ ያስላው።

ለገዢዎችም አንድ ቃል እንጨምር። ያላያችሁትን ቤት ቀብድ አትስጡ። የሻጩን መታወቂያና ካርታውን ሳታመሳክሩ አትፈርሙ። ሰሌዳው ስንት ተመዝጋቢ አለው ብላችሁ ሳይሆን ከገዙት ሰዎች አንዱን አገናኙኝ ብላችሁ ጠይቁ። ሐቀኛውን ባገኛችሁ ጊዜ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ስለ እርሱ ጻፉ፣ ተናገሩ። አታላዩን መውቀስ ብቻ ገበያውን አያቀናውም፤ እውነተኛው እንዲጠቀም ማድረግም የእናንተ ድርሻ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ያገራችን ሰው። በዛሬው መገናኛ የተጻፈ ነገርም እንዲሁ ጸሐፊው ቢረሳው እንኳ ሌላው አይረሳውም። አባቶቻችን ለቴሌግራም ቃል ገንዘብ ይከፍሉ ስለ ነበረ ቃላቸውን ይመጥኑ ነበር። እኛ ዛሬ በገንዘብ አንከፍልም፤ የምንከፍለው በስማችን ነው። ቤት የሚሸጥ ሰውም ከመላኩ በፊት ቃሉን እንደ ቀድሞው ቢመዝነው ንግዱ ይሰፋለታል፤ የአንዲት እናት ዕንባም በደረጃ ላይ አይፈስስም።